ኢንሱሊን፦ ከእንስሳት ቆሽት እስከ ዘመናዊ ላቦራቶሪ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ እንስሳትን ለምግብና ለሥራ ብቻ ሳይሆን ለመድኃኒትነትም ሲጠቀምባቸው ኖሯል። ከእንስሳት ከተገኙ መድኃኒቶች መካከል የብዙዎችን ሕይወት በመታደግ ረገድ ጎልቶ የሚጠቀሰው ኢንሱሊን ነው።

ኢንሱሊን ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኘው ቆሽት የሚያመነጨው ሆርሞን ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሳት ገብቶ ኃይል እንዲሆን ያስችላል። በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል። ከ1920ዎቹ በፊት በዚህ ሕመም የተያዙ ሕፃናት ምግባቸው እጅግ ተቀንሶ ለጥቂት ጊዜ ከመቆየት በቀር ተስፋ አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከውሻ ቆሽት ያወጡት ፈሳሽ የስኳር ሕመም ያለበትን ውሻ የደም ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ አረጋገጡ። በጥር 1922 ከከብት ቆሽት የተዘጋጀው መድኃኒት ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ታዳጊ ተሰጠ። የመጀመሪያው መርፌ በቂ ውጤት ባያመጣም፣ ጄምስ ኮሊፕ ይበልጥ ያጣራው መድኃኒት የልጁን ሕይወት ታደገ።

ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ኢንሱሊን ከየቄራው ከሚሰበሰብ የከብትና የአሳማ ቆሽት ይዘጋጅ ነበር። ይህ የተቻለው የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን በአንድ፣ የከብት ደግሞ በሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ ስለሚለይ ነው። ያም ሆኖ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ አለርጂ ያስከትል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 ተመራማሪዎች የሰው ኢንሱሊን የሚሠራበትን ዘረመል በባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ኢንሱሊን ማምረት ቻሉ፤ ምርቱም በ1982 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ በዓለም ላይ በአብዛኛው ጥቅም ላይ የሚውለው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ወይም በእርሾ አማካይነት የሚመረት እንጂ ከእንስሳት የሚወጣ አይደለም።

ስለሆነም “ኢንሱሊን ከአሳማ ይሠራል” በሚል ሥጋት መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ኢንሱሊን ማቋረጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊዳርግ ይችላል። በሌላ በኩል እንደ ሄፓሪን ያሉ፣ ዛሬም ከአሳማ አንጀት የሚዘጋጁ መድኃኒቶች አሉ። ስለ መድኃኒቱ ምንጭ ጥያቄ ያለው ማንኛውም ታካሚ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሐኪሙን ወይም የፋርማሲ ባለሙያውን ሊያማክር ይገባል።