በቀጭን የመጋዝ ማሽን አነስተኛ የእንጨት ጌጣጌጦችን ስለ ማዘጋጀት

ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚወድቀው ቁርጥራጭ ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ ለማገዶ ይውላል። ከዚሁ ቁርጥራጭ ግን የቁልፍ መያዣ፣ የግድግዳ ጌጥ፣ የበዓል ማስዋቢያና በፊደል የተቀረጸ ስም ማዘጋጀት ይቻላል። ሥራው ሰፊ ቦታ የማይጠይቅ በመሆኑ በግልም ሆነ በማኅበር ተደራጅቶ ለመሥራት አመቺ ነው። ይህ ጽሑፍ በዘርፉ ለመሰማራት ለሚሹ ዜጎች የማሽኑን አሠራር፣ የሥራውን ቅደም ተከተልና ሊደረጉ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ያብራራል።

ስለ ማሽኑ

ስክሮል ሶው ተብሎ የሚጠራው ይህ ማሽን ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ክንዶች መካከል የተወጠረ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ምላጭ አለው። ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ይቆርጣል፤ ጠባብ በመሆኑም ሌሎች መጋዞች የማይደርሱበትን ጠመዝማዛ መስመር ይከተላል። ሲገጠም ጥርሶቹ ወደ ታች ማመልከት አለባቸው። በትክክል የተወጠረ ምላጭ በጣት ሲነካ እንደ ክራር አውታር ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል።

ከአሜሪካ የሚመጡ ማሽኖች በአብዛኛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው። የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ማሽን በቀጥታ መሰካት ሞተሩን ያቃጥላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም። ስለሆነም ከመግዛት ወይም ከማስመጣት በፊት በማሽኑ ላይ የተጻፈውን መረጃ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ስለ እንጨት ምርጫ

ለአነስተኛ ጌጥ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በቂ ነው። እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ጌጡ ከተሸጠ በኋላ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላሉት ንድፍ ኮምፔንሳቶ ይመረጣል፤ ንጣፎቹ በተለያየ አቅጣጫ የተጣበቁ ስለሆኑ በቀላሉ አይሰበርም። ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድን የመሳሰሉ ሀገር በቀል ዛፎች ጥበቃ የሚደረግላቸው በመሆናቸው፣ ጣውላው ከሕጋዊ ምንጭ የተገኘ መሆኑን ማረጋገጥ የአምራቹ ኃላፊነት ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ንድፉ ያለበትን ወረቀት በላዩ ላይ መለጠፍ።
2. በውስጥ በኩል የሚወጡትን ክፍሎች በመሰርሰሪያ መብሳትና ምላጩን በቀዳዳው አሳልፎ መወጠር።
3. የውስጡን በቅድሚያ፣ የውጩን ዙሪያ በመጨረሻ መቁረጥ። ዙሪያው አስቀድሞ ከተቆረጠ በእጅ የሚያዝ ቦታ ያንሳል፤ ጌጡም ለመሰበር ይጋለጣል።
4. ጠርዙን ማለስለስ፣ ትቢያውን መጥረግ፣ ከዚያም ቫርኒሽ ወይም ዘይት መቀባት።

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚፈጽሙት ስሕተት እንጨቱን በኃይል መግፋት ነው። ይህም ምላጩን ይሰብራል፣ መስመሩን ያጣምማል፣ ጣትንም ወደ ምላጩ ይወስዳል። እጅ እንጨቱን ይመራል እንጂ አይገፋም። እንጨቱ ማጨስ ወይም ጠርዙ መጥቆር ከጀመረ ምላጩ ዶልዱሟል፤ መለወጥ አለበት።

የጤናና የደኅንነት ጥንቃቄ

ከዚህ ሥራ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ፦

• አፍንጫና አፍን በሚገባ የሚገጥም የብናኝ ጭምብልና የዓይን መከላከያ መነጽር መጠቀም፤
• ሕፃናት በሚተኙበት ወይም ምግብ በሚበስልበት ክፍል አለመሥራት፤ ሰጋቱራውንም በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ፤
• ቀለም የተቀባ አሮጌ ጣውላን አለመጠቀም፤ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤
• መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ወዲያውኑ ማጥፋት፤ አለበለዚያ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በድንገት ይነሣል፤
• በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅን ጠቅልሎ አለማስቀመጥ፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ።

ዋጋን ስለ መተመን

ዋጋ ሲተመን የጣውላው ብቻ ሳይሆን የተሰበሩ ምላጮች፣ የመብራትና የሥራ ሰዓት ወጪም መካተት አለበት። ከተጀመሩ 10 ጌጦች 2ቱ ቢበላሹ፣ የዐሥሩ ወጪ የሚሸፈነው ከቀሩት 8 ሽያጭ ነው። ይህን ሳያሰላ የሚሸጥ አምራች ብዙ በሸጠ ቁጥር ሊከስር ይችላል።

ማሽን ከመግዛታቸው በፊት አሠራሩን ለመለማመድ የሚሹ ተገልጋዮች የእንጨት ሥራ ሥልጠና በሚሰጡ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት መጠየቅ ይችላሉ። ምርታቸውን በቋሚነት ለገበያ የሚያቀርቡ ደግሞ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በሚኖሩበት ወረዳ ከሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች መረጃ ማግኘት ይኖርባቸዋል።