መጨረሻው እየታወቀ የሚነበብ መጽሐፍ

ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት “ጊዜ ማሳለፊያ ናቸው” እየተባለ ሲናቁ እሰማለሁ። ሐያሲ አይደለሁም፤ ሕግ የተማርኩ ተራ አንባቢ ነኝ። ቢሆንም በዚህ አልስማማም።

በእኔ አረዳድ ዘርፉ ሁለት መልክ አለው። የወንጀል ምርመራ ልቦለድ “ማን ገደለ?” ብሎ ይጠይቃል። ማስረጃውን ደብቆ ቆይቶ በመጨረሻው ገጽ ላይ ፈጽሞ ያላየነውን ገዳይ የሚያመጣ ደራሲ አንባቢውን አታሏል። ልብ አንጠልጣዩ ግን መጨረሻው ቢታወቅም ይነበባል። የዋግ ተወላጁ ደራሲ ማሞ ውድነህ የተረጎሙት “የኛው ሰው በደማስቆ” ጥሩ ምሳሌ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ የሚነበበው ግን እንደ ልቦለድ ነው። እስራኤላዊው ሰላይ ኤሊ ኮኸን በ1957 ዓ.ም. ደማስቆ ውስጥ መሰቀሉን የሚያውቅ አንባቢም መጽሐፉን አያስቀምጥም። የሚያስጨንቀው “ይያዛል ወይ?” የሚለው ሳይሆን “መቼና እንዴት?” የሚለው ነውና።

ፍቅር ሲታከልበት ደግሞ “ማንን ልመን?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፍቅሩ ለጌጥ ብቻ የገባ ከሆነ ገጾቹን ዘሎ ማለፍ ይቻላል። በበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” ውስጥ ግን አይቻልም። እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ የሄደው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ከፊያሜታ ጋር ሲዋደድ፣ ፍቅሩንና ጦርነቱን ለይቶ ማንበብ ያስቸግራል።

“ጊዜ ማሳለፊያ” ለሚሉንም መልሱ እዚሁ አለ። “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በጊዜ ማሳለፊያ ይህን ያህል የሚደነግጥ መንግሥት የለም።