ከላሆር ቶክን ቤቶች የወጣው ሻምፒዮን

እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ፣ ጃፓን ፉኩኦካ ከተማ በተካሄደው ቴከን 7 የተባለ የድብድብ ጌም ውድድር ማንም ያልጠበቀው ወጣት አሸነፈ። ስሙ አርስላን ሲዲቅ ነው፤ የጌሙ ዓለም አርስላን አሽ ብሎ ይጠራዋል። የመጣው ከፓኪስታን፣ ከላሆር ነው። የቴከን ወዳጆች የደቡብ ኮሪያንና የጃፓንን ታላላቅ ተጫዋቾች በስም ዘርዝረው አይጠግቡም ነበር፤ ከፓኪስታን ግን አንድ ሰው ጥሩልን ቢባሉ አብዛኞቹ ዝም ባሉ። መንገዱም ቀላል አልነበረም። በቪዛና በበረራ ጣጣ ተንገላትቷል፤ የያዘውን የአገሩን ገንዘብ የሚመነዝርለት አጥቶ በቅጡ ሳይበላ ቆይቷል። እንዲህ ሆኖ ደርሶ ነው ዋንጫውን የወሰደው። ካሸነፈ በኋላ የተናገረው ነገር ደግሞ ከድሉ ይልቅ ሰውን አስገረመ፦ አገር ቤት ከእሱ የማያንሱ ሌሎች ተጫዋቾች አሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ውድድሩን ማወቅ ይጠቅማል። ኢቮ የሚባለው የድብድብ ጌሞች ትልቁ መድረክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ 40 በሚሆኑ ተጫዋቾች ተጀመረ፤ በ2002 የአሁኑን ስሙን ያዘ፤ ከ2005 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ቤቱ ላስ ቬጋስ ሆነ። አርስላን መጀመሪያ ያሸነፈው የዚሁ ውድድር የጃፓን እህት የሆነውን ነው።

ኢቮን ከሌሎች ስፖርቶች የሚለየው በሩ ነው። ማጣሪያ አልፎ፣ ክለብ ይዞ፣ በፌዴሬሽን ተመርጦ መምጣት የለም። የመመዝገቢያውን ከፍሎ የመጣ ሁሉ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለስትሪት ፋይተር 6 ብቻ ከ7,000 በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ስለዚህ ትናንት ጌሙን የጀመረ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ከዓለም ሻምፒዮን ጎን ሊቀመጥ ይችላል። ደግሞም አንድ ጊዜ የተሸነፈ አይሰናበትም፤ ወደ ተሸናፊዎች መስመር ይወርዳል። እዚያ እንደገና ከተረታ ነው የሚሸኘው። ከዚያ መስመር ወጥቶ ለፍጻሜ የበቃ ሰው ግን ዕዳ አለበት፤ ሳይሸነፍ የመጣውን ተጋጣሚውን ሁለት ጊዜ መርታት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃፓናዊው ቶኪዶ በስትሪት ፋይተር 5 ይህን ዕዳ ከፍሎ አሸነፈ። ያሸነፈው ፐንክ የተባለውን አሜሪካዊ ወጣት ነበር፤ ፐንክ እዚያው መድረኩ ላይ አለቀሰ። ያን እንባ ያየ ሰው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ በ2024 ፐንክ በስትሪት ፋይተር 6 ሲያሸንፍ አብሮት ሳይደሰት አልቀረም።

በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይቀያየራል፤ አንዱ ፍሬም ይባላል። ፈጣኑ ቡጢ ከጥቂት ፍሬሞች በኋላ ያርፋል። የሰው ዓይን አይቶ፣ እጅ እስኪታዘዝ ደግሞ 15 ፍሬም ገደማ ያልፋል። ስለዚህ ቡጢውን አይቶ መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ተጋጣሚው ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ስትፈራ ምን ታደርጋለህ? ስትቸኩልስ? ከምት ከዳንክ በኋላ ወደ ኋላ ትሸሻለህ ወይስ ወዲያው ካልቾ ትሰነዝራለህ? ሻምፒዮን የሚባለው ይህን በሁለት ሦስት ዙር ውስጥ ከፊቱ ከተቀመጠ እንግዳ ሰው ላይ የሚያነብ ነው። ጣት ብቻውን የትም አያደርስም።

ለዚህ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 የሆነው ነው። በኢቮ የስትሪት ፋይተር 3 ግጥሚያ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር ተፋጠጠ። የዳይጎ ገጸ ባሕርይ የሕይወት መስመር ክር አክሎ ነበር፤ ምቱን መመከት እንኳ አያድነውም፣ ተመክቶም የሚሸርፈው ጥቂት ጉልበት ይጨርሰዋል። ጀስቲን 15 ተከታታይ ምት ያለውን ካልቾ ለቀቀ። ዳይጎ ከመመከት ይልቅ እያንዳንዱ ምት በሚያርፍበት ቅጽበት ጆይስቲኩን ወደ ፊት እየገፋ ሁሉንም አከሸፈ፤ የመጀመሪያውን ለማክሸፍ ካልቾው ከመጀመሩ በፊት መገመት ነበረበት። ከዚያ መልሶ መትቶ አሸነፈ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ይህን ቪዲዮ የሚያውቁ ብዙዎች የማያውቁት ግን አለ፦ ዳይጎ የዚያን ዓመት ዋንጫ አልወሰደም፤ በፍጻሜው በአገሩ ልጅ ተሸነፈ።

ዕቃውስ? ውድ መሣሪያ ያለው ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ሰው የፈረንሳዩን ሉፊን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቮን ያሸነፈው በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ነው፤ ያኔ ዕቃው ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋው ሞዴል ነበር። እኛም አገር በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉ ልጆች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል፤ እነሱ በብዛት ኳስ ቢጫወቱም።

እንግዲህ ወደ ላሆር እንመለስ። ፓኪስታን ውስጥ ብዙዎች ጌም የሚጫወቱት በየሰፈሩ ባሉ ጠባብና ሞቃት ቤቶች ውስጥ፣ ለማሽኑ የሚገባ ቶክን እየገዙ ነው። አርስላንም በመጀመሪያ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ የተባለውን ሌላ የድብድብ ጌም እየተጫወተ ያደገው በዚህ ዓይነት ቤት ነው። የተሸነፈ ሌላ ቶክን ይገዛል ወይም ተነስቶ ወንበሩን ይለቃል። ሽንፈት ገንዘብ የሚያስከፍልበት ቤት ውስጥ ማንም በዘፈቀደ አይጫወትም። በዚያ ላይ ሁልጊዜ ወረፋ የሚጠብቅ ጠንካራ ሰው አለ። እኔ እንደማምነው ዋናው ምስጢር ይኸው ነው፤ ቪዛ የተከለከሉ፣ ስፖንሰር የሌላቸው ተጫዋቾች ለዓመታት እርስ በርሳቸው ሲሳሳሉ ቆዩ፤ ሌላው ዓለም ግን አላያቸውም።

ይህን ቀድሞ ካመኑት አንዱ ኒ ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ኒ በቴከን ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ ለክብሩ ሳይሳሳ በዚያው በ2019 ለልምምድ ወደ ፓኪስታን ሄደ። እዚያም ስማቸውን ሰምቶ በማያውቃቸው ልጆች በተደጋጋሚ ተሸነፈ። ሻምፒዮን ሆኖ ለመማር ሩቅ አገር መሄድ ታላቅነት ነው፤ ለኒ ያለኝ አክብሮት ከዋንጫዎቹ ይልቅ በዚህ የተነሳ ነው። በነሐሴ በላስ ቬጋሱ ኢቮ ላይ ኒ እና አርስላን ለፍጻሜ ተገናኙ፤ አርስላን አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አገሮችም ተራቸውን አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስትሪት ፋይተር 6 የመጀመሪያውን የኢቮ ዋንጫ ያነሳው አንግሪበርድ ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ የመጣ ነው፤ በፍጻሜው የተሸነፈው ሜና አርዲ ደግሞ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ነው። በ2024 ካፕኮም ካፕ የተባለውን የስትሪት ፋይተር ውድድር አሸንፎ 1 ሚሊዮን ዶላር የወሰደው ኡማ ከታይዋን ነው።

አርስላንም አልቆመም። ኢቮን በ2023 እንደገና አሸነፈ፤ ጌሙ ወደ ቴከን 8 ሲቀየርም በ2024 ደገመው። በ2025 ላስ ቬጋስ ላይ ለፍጻሜ ሲቀርብ ከፊቱ የተቀመጠው አቲፍ ነበር። አቲፍም ፓኪስታናዊ ነው።