የአያትን ድምፅ በቤት ውስጥ መቅረጽ

ልጅዎን እሹሩሩ እያሉ የሚያስተኙበትን ዜማ ከማን ተማሩት? ብዙዎቻችን ከእናታችን ወይም ከአያታችን እንላለን። ተረቱም፣ እንቆቅልሹም፣ የዘር ቆጠራውም የደረሰን በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ሀብት በአብዛኛው በጽሑፍ አልሰፈረም፤ የሚኖረው በባለቤቱ አንደበት ነው። አንደበቱ ሲዘጋም አብሮ ይቀራል። ስለሆነም በቤትዎ ያሉትን አረጋዊት ድምፅ ጥራቱን ጠብቆ ለመቅረጽ የሚያስችለውን ዘዴ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በካሴት ዘመን ብዙ ቤተሰብ ድምፁን በቴፕ ሪከርደር እየቀረጸ ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ይልክ ነበር። ዛሬ የቴፑን ሥራ ላፕቶፕ ሊሠራው ይችላል። ሆኖም በላፕቶፑ ውስጥ የተገጠመው ማይክሮፎን የማቀዝቀዣውን ፋን ጩኸትና የቁልፎቹን ኳኳታ ጭምር ይይዛል። ተናጋሪዋ ድምፃቸው የደከመ ሲሆን ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ በገበያ ሳውንድ ካርድ እየተባለም የሚጠራው ትንሽ ሣጥን ነው። ሥራውም ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን ደካማ ምልክት አጉልቶ፣ ላፕቶፑ ሊይዘው ወደሚችል ቁጥር መለወጥ ነው። አብዛኞቹ አነስተኛ ሣጥኖች ኃይል የሚያገኙት በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ድረስ ሥራው አይቋረጥም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ላፕቶፕዎ በዊንዶውስ የሚሠራ ከሆነ አስቀድመው ድራይቨር የተባለውን ፕሮግራም ከሣጥኑ አምራች ድረ ገጽ ወስደው ይጫኑ። ከዚያም ሣጥኑን ከላፕቶፑ ጋር በቀጥታ ያገናኙ። ማይክሮፎኑን በኤክስ ኤል አር ገመድ ከሣጥኑ ጋር ሲያያይዙ የድምፅ ማጉያው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ማይክሮፎኑ ኮንደንሰር ከሆነ በሣጥኑ ላይ 48 ቮልት የሚለውን መጫኛ ያብሩ፤ ዳይናሚክ የተባለው ዓይነት ግን ይህን አይፈልግም።

ቀጥሎም እንደ ኦዳሲቲ ያለ በነፃ የሚገኝ የመቅረጫ ፕሮግራም ከፍተው፣ ድምፅ የሚገባው በሣጥኑ በኩል እንዲሆን ይምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሣጥኑን ገጥሞ ሳለ ላፕቶፑ በራሱ ማይክሮፎን መቅረጹን ይቀጥላል። ለማረጋገጥ የላፕቶፑን ገበታ በጣትዎ ቀስ አድርገው ይቧጭሩ። ጩኸቱ ጎልቶ ከተሰማ ምርጫው አልተስተካከለም ማለት ነው።

አሁን ተናጋሪዋን እንደ ልማዳቸው ጥቂት እንዲያወሩ ይጠይቋቸው። ማይክሮፎኑ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ድምፃቸው ከፍ በሚልበት ጊዜ መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እስኪደርስ ማጉያውን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ቀይ መብራት ከበራ ድምፁ እየተቆረጠ ነው፤ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። እርስዎም በጆሮ ማዳመጫ ይከታተሉ እንጂ ስፒከር አይክፈቱ፤ የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባልና።

ክፍሉም ሊዘነጋ አይገባውም። ባዶ ግድግዳ ድምፅን ስለሚያስተጋባ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይሰቀልበት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲዘንብ መቅረጽ ልፋት ብቻ ነው። ቡናው ተጠጥቶ ስኒው ከተነሣ በኋላ ቢጀመር ይመረጣል። እዝ የሚል ድምፅ ከተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሣጥኑን ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ በዩኤስቢ የሚሠራ ማይክሮፎን መለወጫው በውስጡ ስላለ ይበቃል። እሱም ካልተገኘ ጸጥ ባለ ክፍል ከተናጋሪዋ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ከምንም ይሻላል።

በ24 ቢትና በሰከንድ በ48,000 ልኬት በሞኖ የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ንግግር ከ500 ሜጋባይት ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ዌቭ በተባለው ዓይነት አስቀምጠው፣ የተናጋሪዋን ስም፣ የትውልድ ቦታቸውንና ቀኑን ይጻፉበት። በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ገልብጠው አንደኛውን ከእህትዎ ወይም ከወንድምዎ ቤት ያኑሩ። ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ፍላሽም ይበላሻል።

ከሁሉ በፊት ግን የባለቤቷ ፈቃድ ይጠየቅ። ልጅ የማይሰማው፣ ከቤት እንዳይወጣ የሚፈልጉት ነገር ሊኖር ይችላልና ቃላቸው ይከበር። ግማሽ ሰዓት ካወሩ በኋላ ይረፉ፤ የተቀረጸውንም ያሰሟቸው። ራሳቸውን ሲሰሙ የዘነጉት ትዝ ብሏቸው የሚጨምሩት አይጠፋም።

ዕቃው ሁልጊዜ በገበያ አለ፤ ተናጋሪዋ ግን ሁልጊዜ አይኖሩም። እንግዲህ ነገ ዛሬ ሳይሉ የፊታችንን እሑድ ለዚሁ ሥራ ያውሉት።