ባዶ ካሴትና የወሎ ዜማ

ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ምድር ስም የሚጠሩ ሲሆኑ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም በተዘረጋው ብርዳማ ደጋ የሠርግ ዘፈኑ፣ የመውሊድ ሌሊት መንዙማውና የአዝማሪው ማሲንቆ ስቱዲዮ ሳይደርሱ በተራው ሰው እጅ በባዶ ካሴት ላይ የተቀዱበት ዘመን ነበር። የዚያ ድምፅ ጥራትና ዕድሜ በካሴቱ ባሕርይ የሚወሰን በመሆኑ፣ አንዱ ካሴት ከሌላው ለምን እንደሚበልጥ መመርመር ተገቢ ነው።

ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1963 ነው። በአገራችን አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የሸክላ ኅትመት ገና ሳይጠግብ፣ በደርግ ዘመን ሸክላው ስፍራውን ለካሴት ለቀቀ።

ድምፁን የሚሸከመው ወርዱ 3.81 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ክር ነው፤ በላዩም እጅግ የደቀቀ የብረት ኦክሳይድ ተለብጧል። የራዲዮ ጣቢያዎች ትልቅ የቴፕ ጥቅል በሰከንድ 19 ወይም 38 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ፣ ካሴት የሚጓዘው 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህም በጠባብ ብራና ላይ ብዙ ቃል እንዲያሰፍር እንደ ታዘዘ ጸሐፊ፣ ቀጫጭኑን ድምፅ አጨናንቆ ይመዘግበዋል። ልባሱ ሸካራ ወይም ያልተስተካከለ ከሆነ፣ ማሲንቆው በጭራው ሲገዘገዝ የሚያወጣው ረቂቅ ድምፅና የጭብጨባው ጥራት አስቀድመው ይጠፋሉ፤ ሽው የሚል ጩኸትም በስተኋላ ይሰማል፤ የሚተርፈው ከበሮው ነው።

ይህን ጩኸት ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የክሮም ካሴት፣ በ1979ም የሜታል ካሴት ወጡ። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ካሴቶች የተሰናዳ መቅጃ ስለሚያስፈልግ፣ ተራ ቴፕ ላለው ሰው ትርፋቸው ጥቂት ነው፤ የሜታሉን ካሴት ተራው ቴፕ የቀድሞውን ድምፅ አጥርቶ መደምሰስ እንኳ ይሳነዋል። ስለዚህ ለአገር ቤት ቀረጻ በሚገባ የተሠራ ተራ የብረት ኦክሳይድ ካሴት ከውዱ ይልቅ የሚበጅ ነበር እላለሁ።

ከዓይነቱ ሌላ ርዝመቱም ያስጨንቃል። የ60 ደቂቃው ክር ውፍረት ወደ 18 ማይክሮን፣ የ90ው ወደ 12፣ የ120ው ወደ 9 ይጠጋል። እጅግ የሳሳው ክር ይለጠጣል፣ በቴፑም ውስጥ ይጠመጠማል፤ ከዚህም የከፋው፣ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የአንዱ ዙር መግነጢስ ወደ ጎረቤቱ ስለሚያልፍ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ቀድሞ ይሰማል። የሁለት ሰዓት መንዙማን በአንድ ካሴት ለማካተት የሚመኝ ሰው ምኞቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ በሁለት የ60 ደቂቃ ካሴት ቢያስቀዳው ኖሮ ልጆቹ ጥርት ያለ ድምፅ በወረሱ ነበር።

እንግዲህ በሣጥንዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ካሴት ያለዎት የወሎ ልጅ ሆይ፣ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ማዛወሩን ከ120 ደቂቃዎቹ ይጀምሩ፤ ሌላ ቅጂ እንዳይገለበጥበት ከጀርባው ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች አስቀድመው ይስበሩ፤ የቴፑን ሄድ በጥጥና በአልኮል ያጽዱ፤ ከተቻለም የኮፒውን ኮፒ ሳይሆን መጀመሪያ የተቀዳውን ይፈልጉ፤ በእያንዳንዱ ግልባጭ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ረቂቁም ድምፅ ይቀንሳልና።