የዜናውን ምስል ማን ይወስነዋል?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫው ዕለት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው፣ ከ11 ወር በፊት በለንደኑ ቴምስ ቴሌቪዥን የቀረበ ዘገባ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን ለንደን ላይ ከታየው ይለያል። በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣ ገባበት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ገባበት። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ንጉሡን ያወረዳቸው ፊልሙ ነው ማለት ታሪኩን ያለ ልክ ማሳጠር ይሆናል፤ ደርግ ሥልጣናቸውን ከወራት በፊት ጀምሮ ሸራርፎ ወስዶት ነበር። በዜና ምስል ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው ግን ያቺ ማታ ከብዙ የሥልጠና መጽሐፍ የበለጠ ታስተምራለች። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። የተጨመረው ጉርብትና ነው፤ ይህኛው ምስል ከዚያኛው አጠገብ ይቀመጥ የሚል የአንድ ሰው ውሳኔ። ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ከአብዮታቸው ዘመን ጀምሮ ይህንኑ በሙከራ አሳይቶ ነበር። የአንድ ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ከሾርባ ሳህን ቀጥሎ ሲታይ የተራበ፣ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ ሲታይ ያዘነ ይመስላል። ፊቱ ያው ፊት ነው፤ ተመልካቹ ግን በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለውን ክፍተት በራሱ ስሜት ይሞላዋል።

በ1967ቱ ቅንብር ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ። የግብዣውን ምስል የቀረጸው ካሜራማን ንጉሡን ለመክሰስ አልቀረጸውም። ለክብራቸው ነው የቀረጸው። ያ ምስል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ጌታው ሲለወጥ የክስ ማስረጃ ሆነ። ምስል የሚቀርጽ ሰው የሥራውን የመጨረሻ ትርጉም በእጁ አይዝም። በእጁ ያለው ያየውን በትክክል፣ በበቂ ርዝመትና ከነቀኑ ከነቦታው መዝግቦ ማስቀመጥ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የንጉሡ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት። ስቱዲዮው ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ካሜራው ከልደቱ ጀምሮ የለመደው ሥነ ሥርዓት ነው፦ አቀባበል፣ ሰልፍ፣ ምረቃ፣ ንግግር። መንግሥት ተለዋወጠ፤ ፊልም በቴፕ፣ ቴፕ በካርድ ተተካ፤ ድርጅቱም በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተብሎ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆነ። የሥነ ሥርዓት ዓይኑ ግን አብሮ ተሻግሯል። የትኛውንም የምሽት 2 ሰዓት ዜና ተመልከቱ፦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ባነር፣ መድረክ ላይ የተደረደሩት ኃላፊዎች፣ ማስታወሻ የሚጽፉ ተሳታፊዎች፣ ጭብጨባ፣ እንደገና ባነሩ። የዛሬ ሳምንቱን ምስል በዛሬው ጽሑፍ ላይ ብትለጥፉት ማንም ልብ አይልም።

ይህን በቴክኖሎጂ ድክመት ማመካኘት አይቻልም። ማስረጃው 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መግቢያ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሲከበር ቴሌቪዥናችን ወደ ቀለም ተሸጋገረ። ካሜራው አዲስ ነበር፤ በዓሉም በቀለም ታየ፤ በሰሜን ስለነበረው ረሃብ ግን በዚያ ሰሞን የታየው ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥቅምት 13 ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያመጡት ዘገባ ለንደን ላይ ታየ፤ ከዚያም ከ400 በላይ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ያንን ዘገባ ዛሬ ለሚመለከት ባለሙያ የሚያስደንቀው እርጋታው ነው። ካሜራው አይሯሯጥም። በማለዳው ብርሃን ሜዳውን ያሳያል፣ ፊት ላይ ይቆያል፣ ተመልካቹ እስኪያይ ይጠብቃል። ጽሑፉም ምስሉን ተከትሎ የተጻፈ ስለሆነ ምስሉ በራሱ የተናገረውን አይደግምም።

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው ካሜራማኑ ካሜራውን የት እንደሚያቆምና ጽሑፉ ከምስሉ በፊት ይጻፍ ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ነው። ነገሩን በአንድ ሰፈር ላይ አድርገን እንየው። ቁስቋም ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ላይ ናት። ከጫካው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክመው በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱ እናቶች የከተማው የዘመናት ትዕይንት ናቸው፤ ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ እናቶች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ሰጠ እንበልና ዜናው ለጣቢያው ደረሰ።

የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። መኪናው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አዳራሹ ደጃፍ ይቆማል። ካሜራማኑ ባነሩን፣ መድረኩን፣ ተሳታፊዎቹን ይወስዳል፤ ከኃላፊው አንድ ቃለ ምልልስ፣ ከአንዲት ሠልጣኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሪፖርተሩ ከመግለጫው ዜናውን ይጽፋል፣ ድምፁን ይቀርጻል፣ ኤዲተሩም በድምፁ ርዝመት ልክ ምስል ይደፍናል። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰኮንድ ዜና ወጣ። እናቶቹ ግን የሉበትም፤ ያሉት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴቶች ናቸው።

ሥራውን የሚያውቅ ካሜራማን ከአዳራሹ በፊት መንገዱ ላይ ይገኛል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ግድም። ከእናቶቹ ጋር ተነጋግሮ ፈቃዳቸውን ይጠይቃል። ድህነት ፊትን ያለ ፈቃድ ለመቅረጽ መብት አይሰጥም፤ «እሺ» ያላሉትን ከጀርባ ወይም ከሩቅ ማሳየት ይበቃል። ከዚያ ሰፊውን ምስል ይወስዳል፦ አቀበቱ፣ ጫካው፣ ከሸክም በታች ያለች አንዲት ሴት። ቀጥሎ ጠጋ ይላል፦ የታሰረው ገመድ፣ ጠጠር ላይ የሚያርፈው እግር፣ ሸክሙን አሳርፎ የሚተነፍስ ፊት። እያንዳንዱን ምስል ካሜራውን ሳያንቀሳቅስ ቢያንስ 10 ሰኮንድ ይይዛል። ኤዲተሩ የሚጠቀመው አራቱን ሰኮንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ግን የትኞቹ አራት እንደሆኑ ቀረጻው ቦታ ላይ አይታወቅም። አንድ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መያዝ አለበት፦ ሸክሙ ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ ገዢ ሲደራደር፣ ብሩ ሲቆጠር። ዜናን ዜና የሚያደርገው ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ የተበታተነ ቆንጆ ምስል ግን ዜና አይሆንም።

ድምፁም ከምስሉ እኩል ነው። የጫማው ኮቴ፣ የቅጠሉ መንኮሻኮሽ፣ እናቶቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉት ወሬ፣ ሽቅብ የሚያቃስት ሚኒባስ ካልተቀዳ ኤዲተሩ ከስቱዲዮ ሊፈጥረው አይችልም። የእኛ ዜና ብዙውን ጊዜ የቦታውን ድምፅ ዘግቶ የሪፖርተሩን ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ያነጥፈዋል። ሦስት ሰኮንድ ዝም ብሎ የኮቴ ድምፅ ማሰማት ከአንድ አንቀጽ ማብራሪያ የበለጠ እንደሚናገር በተደጋጋሚ የታየ ነው።

የብርሃኑ ጉዳይ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ማርያም ስትነግሥ የሄደ ካሜራማን ችግሩን ያውቀዋል። ሕዝቡ ሁሉ ነጠላ ለብሷል፤ ካሜራው በራሱ መለኪያ ከተተወ ነጩን ልብስ አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፣ ፊቶቹም ጠቁረው አፍና ዓይናቸው ይጠፋል። ባለሙያው ራስ-ሰሩን ያጠፋና መለኪያውን ፊት ላይ ያደርጋል፤ ነጠላው ትንሽ ቢነድድ ይነድድ። ይህ የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፊልም አምራቹ የኮዳክ የቀለም ማጣቀሻ ካርዶች ለረጅም ዘመን የተዘጋጁት በነጭ ሴት ፊት ነበር። መሣሪያው ስለ እኛ ፊት መጀመሪያ አልታሰበበትምና ማሰቡ የካሜራማኑ ድርሻ ሆኗል።

አሁን ወደ ኤዲቲንግ ክፍሉ እንግባ። ከቁስቋም የመጣው ጥሬ ምስል 35 ደቂቃ ነው እንበል፤ ዜናው የሚፈልገው ከሁለት ደቂቃ በታች። ጥሩ ኤዲተር መጀመሪያ ጥሬውን ሁሉ ያያል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አራትና አምስት ዜና ተደራርቦ በሚመጣበት ክፍል ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ሳያዩ መቁረጥ ደግሞ የሪፖርተሩን ዓረፍተ ነገር መሸፈን ብቻ ይሆናል። «እናቶች» ሲል እናቶች፣ «ሥልጠና» ሲል አዳራሽ፣ «መንግሥት» ሲል ሕንፃ። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው የቃል ማስጌጫ እንጂ የዜና አርታዒ አይባልም፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የእሱ አይደለም፣ የአሠራሩ ነው።

የቅንብር ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ተመልካቹን ላለማታለል የቆሙ። እናቲቱ ከግራ ወደ ቀኝ ስትወርድ ከታየች በሚቀጥለው ምስል ከቀኝ ወደ ግራ ካደረግናት ተመልካቹ የምትመለስ ይመስለዋል። የቃለ ምልልስ መካከል ሲቆረጥ ፊቱ ይዘልላል፤ ያንን ለመሸፈን የእጅ ወይም የመንገድ ምስል ይገባል። አደጋው እዚህ ጋ ነው። በዚያ መሸፈኛ ሥር «ሥልጠናው ጥሩ ነው፤ ግን መነሻ ገንዘብ የለንም» ያለችው እናት «ሥልጠናው ጥሩ ነው» ብቻ ብላ ልትወጣ ትችላለች። ድምፁ የእሷ፣ ፊቱ የእሷ፣ ሐሳቡ ግን የእሷ አይደለም። ለ1967ቱ ማታ ምስል ማጎራበት አስፈልጓል፤ እዚህ አንድ «ግን» መቁረጥ ይበቃል። ያለፈ ዓመት ምስልም እንዲሁ ነው፤ ከመደርደሪያ ወጥቶ «የማኅደር ምስል» የሚል ጽሑፍ ሳይደረግበት ከዛሬው ዜና ጋር ሲቀላቀል ውሸት ነው፤ ምንም ያህል ለጊዜው ቢመች።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ካሜራማን ወይም ኤዲተር አገራችን ውስጥ አይጠፋም። ችግሩ ሥራው በጣቢያዎቹ ውስጥ የሚቆጠርበት መንገድ ነው። ሪፖርተሩ ጋዜጠኛ ይባላል፤ ካሜራማኑና ኤዲተሩ «ቴክኒክ» ይባላሉ። የጠዋቱ የዜና ስብሰባ ላይ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ነው፤ ሌሎቹ ምደባቸውን ከሰሌዳ ያነብባሉ። መኪናና አበል የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ጋባዡ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ካሜራው የሚሄደው ግብዣ ወዳለበት ነው። ወደ ቁስቋም አቀበት ማንም ደብዳቤ ጽፎ አይጋብዝም። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ ካሜራውን የሚልክበትን ቦታ ጋባዥ እንዲመርጥለት ከተወ፣ የምስሉን ውሳኔ አስረክቧል፤ ከዚያ በኋላ የኤዲተሩ ችሎታ የሚያድነው ጥቂት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ካሜራማኑና ኤዲተሩ በዜና ስብሰባው ላይ ይቀመጡ። ሪፖርተሩ ምስሉን ሳያይ አይጻፍ። ጥሬው ምስል ቀን፣ ቦታና ሰው ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ከ30 ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው አለና። የቀረጸውና ያቀናበረው ሰው ስም ከሪፖርተሩ እኩል ይነገር፤ ስሙ የተጠራ ሰው የሚቆርጣት «ግን» ታስጨንቀዋለች።

አንባቢም የሚሠራው አለው። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝጉና ሦስት ዜና ተመልከቱ። ምን እንደተደረገ፣ የት እንደሆነና ማንን እንደሚመለከት ከምስሉ ብቻ መናገር ካቃታችሁ ለጣቢያው ደውሉና ንገሩት።