«ዳውን ሲንድሮም»ን ለወላጆች በአማርኛ ስለ መግለጽ፤ የስያሜና የአነጋገር ጥናት

አንድ የሕክምና ቃል ወደ መዝገበ ቃላት ሲገባ በሁለት ነገሮች ይመዘናል፤ ጽንሰ ሐሳቡን በትክክል በመያዙና ከቋንቋው የቃላት አመሠራረት ጋር በመስማማቱ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቃላት መካከል አንዳንዶቹ ከመዝገቡ ወጥተው በሐኪም አንደበት ለአራስ እናት የሚነገሩ ናቸው። ለእነዚህ ሦስተኛ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሰሚው ዘንድ ሲደርሱ ተናጋሪው ያላሰበውን ትርጉም ይዘው አለመገኘታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሚዛን ከ«ዳውን ሲንድሮም» ጋር በተያያዙ ቃላት ላይ እንሞክራለን።

ችግሩ የሚመነጨው ከትምህርቱ ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ ሐኪሞች የሚሠለጥኑት በእንግሊዝኛ ሲሆን ብዙ ወላጆችን የሚያነጋግሩት ግን በአማርኛ ነው። በአሜሪካና በእስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ይኸው ሽግግር በአስተርጓሚ አማካይነት ይፈጸማል። በሁሉም ስፍራ ትርጉሙ የሚከናወነው በቃልና በቅጽበት ነው። አስቀድሞ የታሰበበት አቻ ከሌለ ተናጋሪው አፉ ላይ የመጣለትን ቃል ይጠቀማል፤ ወላጆችም ያን ቃል ለብዙ ዓመታት ይዘውት ይኖራሉ።

1. ስለ ስያሜው

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ሁኔታውን እ.ኤ.አ. በ1866 ሲገልጽ ከሞንጎል ሕዝብ መልክ ጋር አመሳስሎት ነበር። በዚህም ምክንያት «ሞንጎሊዝም» የሚለው ስም ለመቶ ዓመት ያህል በሕክምና መጻሕፍት ሲሠራበት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳውያኑ ዤሮም ለዥን፣ ማርት ጎቲዬና ሬሞን ቱርፓን መንስኤው ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞሶም መሆኑን አስታወቁ። በ1961 የሙያው ሊቃውንት «ላንሴት» በተባለው መጽሔት ስያሜው እንዲለወጥ ጠየቁ፤ በ1965 ደግሞ የሞንጎልያ ልዑካን ይህንኑ ለዓለም ጤና ድርጅት አሳሰቡ። ስለሆነም ተርጓሚ ቃሉን በአሮጌ መጽሐፍ ቢያገኘው እንኳ ወደ አማርኛ ሊያሻግረው አይገባም።

«ዳውን» የሰው ስም ነው። «ዝቅ ያለ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በድምፅ ቢገጥምም በፍቺ ስለማይገናኝ አይተረጎምም። «ሲንድሮም» ከግሪክ የመጣና «አብሮ መሮጥ» የሚል መነሻ ያለው ሲሆን፣ በሕክምና አብረው የሚታዩ ምልክቶችን ስብስብ ያመለክታል። በ«ኅብረ ዝማሬ» አርአያ «ኅብረ ምልክት» ማለት ይቻላል፤ ለሙያ ጽሑፍም ያገለግላል። በአራስ ቤት ግን «ምልክት» የቁጣ ወይም የመቅሠፍት ማሳያ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ለወላጆች የውሰት ስሙን እንዳለ መጠቀምና ወዲያውኑ በተራ ቃል ማብራራት የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

2. «ያለበት» ወይስ «ያለው»?

በአማርኛ ግሥ ላይ የሚጨመሩት «-ለት» እና «-በት» ድርጊቱ ለማን እንደ ጠቀመና ማንን እንደ ጎዳ ያመለክታሉ። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚለያዩት በዚህ ነው። «ዕዳ አለበት»፣ «ልጅ ሞተበት» ሲባልም ጉዳቱን የሚናገረው ይኸው ምዕላድ ነው። እርግጥ ነው፣ «ውሃ ያለበት ማሰሮ» እንደሚለው ቦታን ብቻ የሚያመለክትበት ጊዜ አለ። ስለ ሰው ሲነገር ግን የሸክምነት ስሜቱ ያይላል። እንግዲህ «ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን» የሚል ሐኪም ምንም ሳያብራራ በልጁ ላይ አንድ ነገር እንደ ወደቀበት ተናግሯል ማለት ነው። «ዳውን ሲንድሮም ያለው ሕፃን»፣ «ያላት ሕፃን» ማለት ሐሳቡን ሳያዛባ ይህን ጥላ ያስወግዳል። «የተጠቃ» እና «የሚሠቃይ» የሚሉት ከ«ያለበት» የባሱ ናቸው።

በእንግሊዝኛ የሚመከረው ሰውን ከሁኔታው አስቀድሞ መጥራት ነው። ይህ በቃላት ቅደም ተከተል ወደ አማርኛ አይመጣም፤ በቋንቋችን ገላጩ ምንጊዜም ከስሙ ይቀድማልና። በአማርኛ ዋናው ነገር ስሙን አለመተው ነው። «ዳውን ነው» ሲባል ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ይጠፋል፤ «ዳውን ሲንድሮም ያለው ልጅ ነው» ሲባል ግን በቦታው ይገኛል።

3. «በሽታ»፣ «ጉድለት»ና «ዘር»

«በሽታ» ይመጣል፣ ይታከማል፣ ይድናል ወይም ይገድላል። ዳውን ሲንድሮም ግን ከፅንሰት ጀምሮ ያለ የአፈጣጠር ሁኔታ ነው። «በሽታ» የሰሙ ወላጆች መድኃኒቱን ፍለጋ መውጣታቸው አይቀርም። ሊታከሙ የሚችሉት አብረው የሚመጡት ሕመሞች ናቸው። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ሕመም ጋር ስለሚወለዱ፣ «በሽታ» የሚለውን ቃል ለልቡ ማቆየት ይገባል።

«የክሮሞሶም ጉድለት» የሚለው አነጋገር ደግሞ በፍሬ ነገሩም ስሕተት ነው። በአብዛኛው ሰው ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች ሲኖሩ፣ ዳውን ሲንድሮም ባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ 47 ናቸው። የጎደለ ነገር የለም፤ የተጨመረ እንጂ።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ዘር» ነው። ሐኪሙ የተማረውን ቃል «የዘር ችግር» ብሎ ቢተረጉመው ወላጆች የሚሰሙት «በትውልዳችሁ ያለ» የሚል ነው። ነገሩ በዚያ አይቆምም፤ የባልና የሚስት ቤተ ዘመድ ከየትኛው ወገን እንደ መጣ ይከራከራል፣ የእኅቶችም ጋብቻ ይነካል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከ100 ልጆች በ95ቱ ያህል ተጨማሪው ክሮሞሶም የሚመጣው በሕዋስ ክፍፍል ጊዜ በሚደርስ አጋጣሚ እንጂ በውርስ አይደለም። ከወላጅ ሊወረስ የሚችለው ከ100 በ3 ወይም በ4 ልጆች ላይ የሚታየው ዓይነት ነው፤ ከእነዚህም በውርስ የሚመጣው ሢሶው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ንግግር «ሲፀነስ ጀምሮ ያለ» ማለት በቂ ነው፤ ስለ ውርስ የሚነገረው ምርመራው ከታወቀ በኋላ ነው።

4. በ«መርዶ»ና በ«የምሥራች» መካከል

አማርኛ ለሞት ዜና «መርዶ»፣ ለልደት ዜና «የምሥራች» የሚሉ ስሞች አሉት። በእንግሊዝኛ የሐኪሞች መምሪያ «ክፉ ዜና መንገር» ተብሎ የሚጠራው ክፍል ወደ አማርኛ ሲመለስ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። ነገር ግን ልጅ ተወልዷል። «እንኳን ማርያም ማረችዎ» ወይም እንደ ወላጆቹ ሃይማኖት «እንኳን በሰላም ተገላገሉ» ሳይባል ንግግሩ በ«አዝናለሁ» ቢጀመር፣ እናቲቱ የሚገባትን ሰላምታ ተነፍጋለች። ንግግሩ ሁለቱም ወላጆች ባሉበት፣ ከሌላ ሰው ጆሮ ርቆ፣ ሕፃኑም በእቅፍ ሳለ ቢደረግ ይመረጣል። ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፤

«እንኳን ማርያም ማረችዎ። ልጅዎን ስንመረምረው ዳውን ሲንድሮም ሊኖረው እንደሚችል ገምተናል፤ በደም ምርመራ እናረጋግጣለን። ይህ ሲፀነስ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው፤ እርስዎ ወይም አባቱ ስላደረጋችሁት ነገር የመጣ አይደለም። ከሌሎች ልጆች ቀስ ብሎ ይማራል፤ ግን ይማራል። አሁን ልቡን እናያለን።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ ዕድሜው ማጠር አልተነሣም። አሮጌ መጻሕፍት የሚሉት ዛሬ አይሠራም፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 በአማካይ 25 ዓመት ገደማ የነበረው ዕድሜ አሁን 60 ዓመት ያህል ደርሷል። አንድን ቃል ማደስ የያዘውን ዕውቀት ካላደሱ ከንቱ ነው።

5. የቀረቡ ስያሜዎች

ሀ) «ዳውን ሲንድሮም»፤ በሁሉም ስፍራ። «ኅብረ ምልክት»፤ ለሙያ ጽሑፍ ብቻ።
ለ) «ያለው፣ ያላት»፤ በ«ያለበት፣ ያለባት»ና በ«የተጠቃ» ፈንታ።
ሐ) «ተጨማሪ ክሮሞሶም»፤ በ«የክሮሞሶም ጉድለት» ፈንታ።
መ) «ሲፀነስ ጀምሮ ያለ»፤ በ«የዘር ችግር» ፈንታ። «በዘር የሚወረስ» የሚባለው ውርሱ በምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።
ሠ) «ቀስ ብሎ ይማራል»፤ ለወላጆች። «የአእምሮ እድገት ውስንነት»፤ ለጽሑፍ። «ዘገምተኛ» ከሁለቱም ይወገድ።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። በሆስፒታል የሚያስተረጉሙ አንባቢዎች በሥራ ላይ ሞክረዋቸው የትኛው እንደ ሠመረና የትኛው እንደ ተሰናከለ ቢያስታውቁን በቀጣዩ ዝርዝር እናሻሽላቸዋለን። ስያሜን አጣሪው በመጨረሻ ሰሚው ነውና።